ለቅሶ የመረጠልን ሰፈር

ደላላ ተከትሎ ቤት ፍለጋ ከተማ የዞረ ሰው የምለው ይገባዋል። መጀመሪያ ላይ ትመርጣላችሁ፣ ወደ ማታ ግን መለመን ትጀምራላችሁ። ይህን ገጠመኝ የምነግራችሁ ግን ደላላ ለማማት አይደለም። የኛ ደላላ ሙሌ ደህና ልጅ ነበር፤ እንዲያውም የዚያን ቀን ከሁላችንም በላይ የተንገላታው እሱ ነው።

ያኔ ዳባት አስተማሪ ነበርኩ። ባለቤቴ ደሳለኝ ጎንደር አንድ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ካገኘ ሰነባብቷል። የኔም ዝውውር ሲፈቀድ ልጆቻችንንና እናቱን ይዘን ጠቅልለን ልንገባ ወሰንን። ልጆቹ አላስቸገሩንም፤ ባጃጅ እያዩ መዋል ይበቃቸዋል። ያስቸገሩን አማቴ ነበሩ።

እማማ ጥሩወርቅ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። ሐኪሙ ከሆስፒታል እንዳይርቁ አጥብቆ ነግሮናል። እሳቸው ደግሞ ጎንደር ሲባል ፊታቸው ይጠቁራል። ምክንያት አላቸው። ባላቸው አያ አለማየሁ ድንገት የታመሙ ጊዜ ከዳባት ወደ ጎንደር በመኪና ስናወርዳቸው፣ አምባ ጊዮርጊስን ሳናልፍ አረፉ። ደሳለኝና ሹፌሩ ተያዩና መኪናውን አዞሩት። እናቱ «ምነው ተመለሳችሁ?» ሲሉት «እንቅልፍ ወስዶታል እማ፣ ነገ ይሻላል» አላቸው። መርዶ መንገድ ላይ አይነገርማ። እሳቸውም የባላቸውን ራስ ጭናቸው ላይ እንዳስደገፉ ዳባት ደረስን። አገር ተሰብስቦ ሲያለቅስ እማማ ጥሩወርቅ ደርቀው ቀሩ። አንዲት እንባ አልወረዳቸውም። ቀብሩም አርባውም እንዲሁ አለፈ፤ ሰው «ምን ዓይነት አንጀት ነው?» እያለ አማቸው።

ጎንደር እንሂድ ስንላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«እዚያ ብሞት ማን ያነሳኛል? እዚህ ብሞት አገር ይወጣልኛል። እዚያ ለቃሬዛዬ እንኳ ሰው አይሞላም።»

ደሳለኝ ለመናቸው፣ ቄሱ ለመኗቸው። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማሙ። «መጥቼ አየዋለሁ። ሸጋ ሰፈር ካገኛችሁልኝ እቀመጣለሁ። አለዚያ ብቻዬንም ቢሆን ቤቴ እመለሳለሁ» አሉ። ዳባት ብቻቸውን መመለሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሙ ሳይሸሽግ ነግሮን ነበር። ስለዚህ እኔ የምፈልገው ቤት ብቻ አልነበረም። የሴትዮዋን ዕድሜ ነበር የምፈልገው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ልጆቹን እህቴ ዘንድ ዳባት ትቼ ከእማማ ጋር መጣን። ደሳለኝ ሥራ ስለነበረው ሙሌ ብቻውን ተቀበለንና በቀጥታ ማራኪ ወደሚባለው ሰፈር ወሰደን።

ምን ልበላችሁ! ቤቱን ሳየው ልቤ ቀልጦ ቀረ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግቢው ውስጥ የራሱ የውኃ ሮቶ፣ አጥሩ ረጅም ግንብ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ቅርብ፣ መንገዱ አስፋልት። እኔ በሐሳቤ መጋረጃ መስቀል ጀምሬያለሁ። እማማ ጥሩወርቅ ሴራሚኩን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉትና «ሸጋ ነው፣ ያንሸራትታል እንጂ» አሉ። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞረው «ጎረቤቱ ማነው?» ብለው ጠየቁት።

ሰውዬው ደስ እያለው «እዚህ ማንም ማንንም አይረብሽም እናቴ! እኔ ይህን ያህል ዘመን ስኖር ከጎኔ ያለውን ሰው ስሙን አላውቀውም» አላቸው።

ማሞገሱ ነበር። እማማ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ በሩ ሄዱ። እኔ ግን ለሙሌ በጆሮው ቤቱን እንደምንወስደው ነገርኩት። «እሺ፣ ግን አንድ ሌላ ቤት ላሳያችሁ ቃል ገብቻለሁ። ሴትዮዋ እየጠበቀችን ነው፣ ለደንቡ ብቻ እንየው» አለኝ። ለደንቡ ብዬ ተስማማሁ።

ፒያሳ በባጃጅ ደርሰን ወደ ቀሃ ወንዝ የሚወስደውን ቁልቁለት በእግር ያዝን። መንገዱ ኮብልስቶን ሆኖ ከግማሹ በኋላ ኮብልስቶኑም ያልቃል። ሴቶች ጀሪካን ይዘው ቦኖ ላይ ተሰልፈዋል። እኔ ሰልፉን እንዳየሁ በልቤ «አይሆንም» አልኩ። ከቦኖው እልፍ ብሎ መታጠፊያው ላይ ድንኳን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል።

ቡናማ የእድር ድንኳን ነው። ውስጡ ሴቶች ዝቅ ባለ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ድረስ ጠቅልለው፣ አቀርቅረው እንባቸውን ይጠርጋሉ። አንዷማ ትንሰቀሰቃለች። መብራት ጠፍቷል፣ ዘፈን የለ፣ ጭብጨባ የለ። ደጁ ላይ ሽማግሌዎች ገመድ እየሳቡ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ።

በኛ አገር የለቅሶ ድንኳን አይታለፍም። ሟቹን ባታውቁትም ትገባላችሁ፣ ቁጭ ትላላችሁ፣ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብላችሁ ትወጣላችሁ። እማማ ጥሩወርቅ ቆም አሉና ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው፣ እንደ ሐዘንተኛ። እኔም ተከትዬ አዘቀዘቅሁ። ሙሌ ወደ ኋላ ቀርቶ ስልክ ያወራ ነበር። ለቅሶ ደርሰን ለመውጣት ነበር ሐሳባችን።

እማማ ጥሩወርቅ ድንኳኑ መሐል ደርሰው ቆሙ። የሚያለቅሱትን ሴቶች አዩ። ከዚያ ቀብርም አርባም ያላወጣው ድምፅ ድንገት ከውስጣቸው ወጣ።

«ወዮ! ወዮ ጋሻዬ! መንገድ ላይ ቀረህ ወይ! ቤትህ ሳትገባ መኪና ውስጥ ቀረህ ወይ!»

እኔ አብሬያቸው ላለቅስ ዓይኔን ሳወርድ ነው በሴቶቹ ጉልበት መሐል ያለውን ሳፋ ያየሁት። ሳፋው የተላጠ ሽንኩርት ሞልቶታል። ወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላ ሳፋ አለ። ሴቶቹ ቢላዋቸውን እንደያዙ አፋቸውን ከፍተው ያዩናል። እንባቸው የሽንኩርት ነው።

«እማማ» ብዬ እጃቸውን ልይዝ ስል ከቤቱ ውስጥ አንዲት ሴት ባዶ እግሯን ሮጣ ወጣች። ድንኳኑ ለካ የሰርግ ነው፤ በኋላ እንዳወቅኩት ሴትዮዋ ወይዘሮ ዘውዴ፣ የሙሽራዋ እናት ናቸው። በማግስቱ ልጃቸውን ይድራሉ። ወንዱ ልጃቸው ጌትነት የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ አባቱ በሕይወት ስለሌለ እህቱን የሚሸኘው እሱ ነው፣ ጠዋት ከመተማ እገባለሁ ብሎ እስካሁን አልደረሰም። እንግዲህ አስቡት። ልጃቸው መንገድ ላይ ሆኖ አንዲት የማያውቋት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገብታ «መኪና ውስጥ ቀረህ ወይ» እያለች ትጮሃለች።

«ማንን ነው? ጌትነትን ነው? ልጄን ነው?» ብለው መሬት ላይ ወደቁ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘው! ለቅሶ እንደ ቋያ እሳት ነው። ሽንኩርት ላጮቹ «ጌትነት! ጌትነት!» እያሉ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ከላይ ቦኖው ላይ የተሰለፉት ጀሪካናቸውን ጥለው ወረዱ። እኔ «አይደለም! አይደለም!» እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። በመጨረሻ ሙሌ ዘሎ ገብቶ ባለ በሌለ ድምፁ «ኧረ ተሳስተው ነው! እንግዶች ናቸው፣ ቤት ፈልገው ነው የመጡት!» ብሎ ጮኸ።

ዝም አሉ።

ወይዘሮ ዘውዴ የድንኳኑን ምሰሶ ተደግፈው ተነሱ። «ልጄን አታውቁትም?»

«አናውቀውም እትዬ። ለቅሶ መስሎን ነው።»

«ታዲያ አንቺ ሴትዮ፣ መንገድ ላይ ቀረህ ያልሽው ማንን ነው?»

እማማ ጥሩወርቅ «ባሌን ነው። ካረፈ ሰንብቷል» አሉ።

ትልቅ ማማሰያ የያዘች አንዲት አጭር ሴት ከኋላ «በሰርግ ድንኳን ለቅሶ! ሟርታችሁን ይዛችሁ ከዚህ ጥፉ!» አለች። ማንም ዝም በይ አላላትም። እማማ ጥሩወርቅ ወጡ። የሚሄዱ መስሎኝ ቦርሳዬን አንስቼ ልከተላቸው ስል ተመልሰው ገቡ። የድንኳኑ ገመድ የታሰረበትን ድንጋይ ፈትተው ማጅራታቸው ላይ ተሸክመዋል። ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ጎንበስ ብለው ወይዘሮ ዘውዴ ፊት ቆሙ። እኔ የማስበው ልባቸውን ነበር፤ ድንጋዩ ከባድ ነው።

አንድ ረጅም ሽማግሌ ገቡና ድንጋዩን ከላያቸው አወረዱት። የእድሩ ዳኛ አያ መንግሥቴ ናቸው።

«እታለም፣ ይቅር ተብለሻል። ድንጋዩን ግን ገመዱ ይፈልገዋል፤ ድንኳኑ ሊወድቅብን ነው» አሏቸው።

አንድ ሁለት ሴቶች ሳያስቡት ሳቁ። አያ መንግሥቴ ግን አልሳቁም። «ይህን ድንኳን ስንገዛ ለሰርግም ለለቅሶም ነው። ጥፋቱ የማንም አይደለም። ጌትነት ይመጣል። እስኪመጣ ሽንኩርቱ ይላጥ» ብለው ወጡ።

«እማማ፣ እንሂድ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ሰው አስደንግጦ መሄድ ምን ይሉታል? ልጇ ሳይገባ ከዚህ አልነሳም። አንቺ ሂጂና ቤትሽን ያዢ» ብለው ከሴቶቹ መሐል ተቀምጠው ቢላዋ አነሱ።

ለደሳለኝ ደወልኩ። «እናትህ ሰርግ ላይ አልቅሰው...» ብዬ ስጀምር አቋረጠኝ። «እማ አለቀሰች?» አለ። ሌላው ምንም አልገባውም። «እውነት አለቀሰች?» ብሎ ደገመ። ሙሌ ደግሞ በጎን ይጎተጉተኛል፤ የማራኪው ባለቤት ሌላ ተከራይ እንደመጣለትና አሁኑኑ ካልሄድን እንደሚሰጠው ነግሮታል። ልቤ ሁለት ቦታ ሆነ። ልሂድ ብዬ ስነሳ ወይዘሮ ዘውዴ መጡና ስልካቸውን እጄ ላይ አስቀመጡት።

«እጄ አልታዘዝ አለኝ። አንቺ ደውይልኝ» አሉኝ።

እምቢ ይባላል? ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ መደወል ጀመርኩ። ያቺ የስልኳ ሴትዮ ደንበኛውን ማግኘት አልተቻለም ትላለች። እንደገና እደውላለሁ፣ እንደገና ያንኑ ትላለች። ሙሌ ራሱን ነቀነቀና ብቻውን ወደ ማራኪ ሄደ። ሴራሚኬም አብሮት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ያየሁትን ነው ልነግራችሁ የምፈልገው። ያ ሰፈር ማንም ሳያዝዘው ተንቀሳቀሰ። አንዱ የመተማ ሹፌሮችን ሊጠይቅ መናኸሪያ ሄደ። አንዲት ባልቴት ተነስታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣች። ሁለት ጎረምሶች በሞተር አዘዞ ወርደው የመተማው መንገድ ላይ ቆሙ። ያቺ ባለ ማማሰያ ሴት እዚያው መንገድ ላይ ጭልጋ የአጎት ልጅ አለኝ አለችና ቁጥሩን ይዛልኝ መጣች፤ ስትሰጠኝ ዓይኔን አላየችኝም። ለሰውዬው ነግሬው መልሶ ሊደውል ተስማማን።

ፀሐዩ ማዘንበል ሲጀምር ደወለ። ከአይከል ወዲያ አንድ ነጭ አይሱዙ ተገልብጧል፣ ሹፌሩን ወስደውታል፣ ማን እንደሆነ አላወቅሁም አለኝ። የጌትነት መኪና ነጭ አይሱዙ እንደሆነ ሰምቻለሁ።

ስልኩን ይዤ ወደ አያ መንግሥቴ ወጣሁ። «መርዶ በስልክ አይነገርም ልጄ። ያላየነውን አናወራም። ብትጠይቅሽ ‹ምንም የለም› በያት» አሉኝ። ስመለስ እማማ ጥሩወርቅ ፊቴን አይተው ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

«ምን ሰማሽ?»

«ምንም።»

«እኔንም ያኔ ምንም ነው ያላችሁኝ» አሉ ቀስ ብለው። «አላወቅሁም መስሏችሁ ነው? ራሱ ጭኔ ላይ ሲከብደኝ አውቄዋለሁ። እናንተ ‹ተኝቷል› ስትሉኝ ታዲያ የተኛ ሰው ላይ እንዴት ይለቀሳል? ያኔ የታፈነ ነው እስከ ዛሬ አልወጣ ብሎኝ የኖረ።»

ያን መንገድ በመኪናው ውስጥ እኔም ነበርኩ፤ እኛ ለሳቸው ስናስመስል እሳቸውም ለኛ ሲያስመስሉ ነበር የመጣነው።

«ንገሪያት አልልሽም። ሽማግሌው አይሆንም ካለሽ አይሆንም። ግን ‹ምንም የለም› አትበያት። አላውቅም በያት» አሉኝ።

ወይዘሮ ዘውዴ ብዙም ሳይቆዩ መጡ። «ደወለ አይደል ሰውዬው? ምን አለ?»

«አላውቅም እትዬ። እሱም ገና አላወቀም፤ እየጠየቀ ነው» አልኳቸው።

ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝ። የሆነ ነገር እንዳለ ገባቸው። ይጮሃሉ ብዬ ፈራሁ። አልጮሁም። ሄደው ከእማማ ጥሩወርቅ አጠገብ ተቀመጡ። እማማ እጃቸውን ያዟቸው። ያስደነገጠችም የደነገጠችም የለም፣ ሁለት ሴቶች ሽንኩርት የሸተተ እጃቸውን ተያይዘው በሩን ያያሉ። ሌሎቹም ሥራቸውን አልተዉም፤ ድስቱ ተጥዶ እሳቱ ተቀጣጥሏል። ሰርግና ለቅሶ በአንድ ድንኳን ውስጥ ሆነው ማን እንደሚቀድም ይጠባበቁ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ረጅም ከሰዓት አላሳለፍኩም።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከላይ ከቦኖው በኩል ጩኸት ተሰማ። ሁሉም ተነሳ። ጩኸቱ ግን እልልታ ነበር። ጌትነት ቁልቁለቱን እየሮጠ ወረደ፤ ሸሚዙ ከፊት ደም በደም ነው። እናቱ ደሙን አይተው ጮኹ።

«የኔ አይደለም እማ! የጓደኛዬ ነው! ተገልብጦ አግኝቼው ሆስፒታል አድርሼው ነው የቆየሁ፣ ይተርፋል ብለውኛል! ስልኬ ባትሪው አልቆ ተዘጋብኝ!»

ወይዘሮ ዘውዴ መጀመሪያ ትከሻውን በጥፊ መቱት፣ ከዚያ አቅፈው አለቀሱ። ሁላችንም አለቀስን። ጌትነት ነገሩ ሳይገባው «ምነው? ሰርጉ ፈረሰ እንዴ?» ይላል። አያ መንግሥቴ ደጁ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

እንግዲህ አሁን እንሂድ ብዬ እማማን ሳነሳ ወይዘሮ ዘውዴ ጠሯቸው። «ይምጡ እስቲ እማማ» አሉና የተዘቀዘቀውን ነጠላ በገዛ እጃቸው ፈትተው ጥለቱን ወደ ታች አውርደው እንደ ሰርገኛ አለበሷቸው። «ነገ ከኔ ጋር ነው የሚቀመጡ። ከኔ ጋር የጠበቁ እርስዎ ነዎት» አሏቸው።

የማራኪው ቤት ተከራይቷል። ያኛውን፣ ሙሌ ለደንቡ ሊያሳየን የነበረውን ቤት፣ ውስጡን ሳላየው ነው የተከራየሁት። እማማ ጥሩወርቅ ሰርጉን ውለው ሲመለሱ «የት ነው የምንገባው?» ብለው ሳይሆን «መቼ ነው የምንገባው?» ብለው ነበር የጠየቁን። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወለሉ ሊሾ ነው፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ውኃው ሲመጣ ይመጣል ሳይመጣ ይቀራል። ጀሪካን ይዤ ቦኖ ላይ ስሰለፍ ያ ሴራሚክ አሁንም ይታወሰኛል። ሰው ነኝ።

እናንተም ቤተሰብ ይዛችሁ አዲስ ከተማ የምትገቡ ስለ ውኃው፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠይቁ፤ አትጠይቁ አልላችሁም። ነገር ግን ከቻላችሁ ሰፈሩን በክፉ ሰዓቱ እዩት። ሲደነግጥ ምን ያደርጋል? ስታጠፉ ምን ያደርጋችኋል? ቤቱን ባለቤቱ ቀለም ቀብቶ ያሳያችኋል፤ ሰውን ግን ማንም ቀብቶ ሊያሳያችሁ አይችልም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ ግን የቅርቡን ጎረቤት አስቀድሜ እየፈለግኩ እንዳልነበር የገባኝ ያን ቀን ነው።

ገብተን ዕቃችንን እንኳ አልፈታንም፤ የሙሽሮቹ መልስ ባለፈ ሰሞን አንድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ግቢው በሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀዋል። ፊት ለፊት የቆመችው ያቺ ባለ ማማሰያ ሴት ናት።

«የአያ አለማየሁን ለቅሶ ሳንደርስ ቀረን» አለች። «ጎረቤት የሆናችሁ አሁን ነውና አሁን መጣን።»

የሚቀመጡበት ወንበር ስላልነበረ በተጠቀለለ ፍራሽና በጆንያ ላይ ተቀመጡ። ወይዘሮ ዘውዴ እማማን ከጎናቸው አድርገው «እንግዲህ አሁን ያልቅሱ። ቦታው እዚህ ነው» አሏቸው። እማማ ጥሩወርቅ አለቀሱ። ባላቸውን በስሙ እየጠሩ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሁሉም እየተቀበላቸው እስኪበቃቸው አለቀሱ። ደሳለኝ በሩን ተደግፎ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ማንም አላባበለውም።

ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ ሲወጣ እማማ ጥሩወርቅ ፊታቸውን ታጠቡ። መድኃኒታቸውን ሳላስታውሳቸው ራሳቸው ጠይቀው ዋጡ። ከዚያ አያ መንግሥቴ ከግቢው ሳይርቁ እማማ ልጃቸውን ጠሩት።

«ደሳለኝ፣ ሽማግሌውን ድረስበትና የእድሩ አባል አድርገኝ» አሉት።